ተጨማሪ መረጃ፦ መዳፍ የሚናገረው የደም ማነስ

ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ እንደሚኖር ተምራችኋል። እንደ ጉባ ባለ ሞቃታማ የዓባይ ቆላ ግን ወባ የያዘው ሰው ብዙ ሕዋሳቱ ዕድሜያቸውን አይጨርሱም፤ ጥገኛ ተሕዋሱ ውስጣቸው ገብቶ ይራባና ያፈነዳቸዋል። ወባው ሲመላለስ፣ የመንጠቆ ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ሲመጥ፣ ወይም ከምግብ የሚገኘው ብረት ሲያንስ ደሙ ቀስ በቀስ ይሳሳል። ኦክስጅን ተሸካሚው ሄሞግሎቢን ለወራት ከሚፈለገው በታች ሲቆይ ሥር የሰደደ ደም ማነስ ይባላል።

ክፋቱ ሰውነት የሚለምደው መሆኑ ነው። ልብ ምቱን አፍጥኖ ጉድለቱን ይሸፍናል። ደም ያነሰው ልጅ ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ብድግ ሲል ዓይኑ ይጨልማል፣ አፈር መብላት ያምረዋል፤ ክፍል ውስጥ ሲያንቀላፋ ደግሞ «ሰነፍ» ይባላል። ይህ ስም ያለ ጥፋታቸው የተለጠፈባቸው ልጆች ብዙ ናቸው።

በጠይምና በጥቁር ቆዳ ላይ የፊት መገርጣት በቀላሉ አይለይም። ስለዚህ የጤና ባለሙያዋ የሕፃኑን መዳፍ ዘርግታ ከራሷ መዳፍ ጋር ታስተያያለች፦ ቀላ ያለ ነው ወይስ ነጥቷል? ቁርጡን የሚናገረው ግን የደም ምርመራ ነው።

ሞክሩ፦ በቀን ብርሃን መዳፋችሁን ከጓደኛችሁ መዳፍ ጎን አድርጋችሁ ተመልከቱ። ከዚያ እጃችሁን በሳሙና ታጥባችሁ፣ መስታወት ፊት የታችኛውን የዓይን ቆብ ዝቅ አድርጉ። የውስጡ ቀለም ምን ይመስላል? የነጣ ከመሰላችሁ ለቤተሰብ ተናግራችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ።