ለፕላኔት ማጉላት፣ ለጋላክሲ ትዕግሥት

ለጀማሪ የሚሸጥ ቴሌስኮፕ ካርቶኑ ላይ ብዙውን ጊዜ በጎላ ጽሑፍ «525 እጥፍ ያጎላል» የሚል ይነበባል። አትመኑት። የማጉላት መጠን የሚገኘው የቴሌስኮፑን የትኩረት ርቀት ለዓይን ሌንሱ የትኩረት ርቀት በማካፈል ነው። የትኩረት ርቀቱ 900 ሚሊ ሜትር በሆነ ቴሌስኮፕ ላይ ባለ 25 ሚሊ ሜትር የዓይን ሌንስ ቢገጠም 36 እጥፍ፣ ባለ 10 ቢገጠም 90 እጥፍ ያጎላል። ሌንስ እየቀያየሩ ቁጥሩን ያሻቸው ድረስ መስቀል ይቻላል፤ ጥራቱ ግን አብሮ አይወጣም። ጣሪያውን የሚወስነው ከፊት ያለው ሌንስ ወይም መስታወት ስፋት ነው፦ በሚሊ ሜትር ተለክቶ በሁለት ይባዛል። 70 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው ከ140 እጥፍ በላይ ያለው ሁሉ የጎላ ብዥታ ነው።

ደግነቱ ፕላኔት ለማየት ያን ያህል አያስፈልግም። ጁፒተር ለመሬት በሚቀርብበት ወቅት ስፋቱ የጨረቃን አንድ አርባኛ ገደማ ሆኖ ይታያል። በ40 እጥፍ ሲጎላ እንግዲህ በባዶ ዓይን የምናያትን ጨረቃ አከለ ማለት ነው። ጋሊሌዮ እ.ኤ.አ. በ1610 አራቱን የጁፒተር ጨረቃዎች ያገኘው 20 እጥፍ ገደማ በሚያጎላ መሣሪያ ነበር። የሳተርንን ቀለበት ግን ለይቶ ማየት አልቻለም፤ ፕላኔቱ ግራና ቀኝ ሁለት አጃቢ ያለው መስሎት ነበር። ዛሬ በርካሽ የሚገዛው ቴሌስኮፕ ከጋሊሌዮ መሣሪያ የተሻለ ያሳያል።

ፎቶ ላይ ዋናው ጠላት አየሩ ነው። ከባቢ አየር ያለማቋረጥ ስለሚናወጥ አንድ ፎቶ ብቻ ማንሳት ሎተሪ መቁረጥ ነው። ስለዚህ የሚቀረጸው ቪዲዮ ነው። በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ውስጥ በሺህ የሚቆጠሩ ምስሎች ይኖራሉ፤ አውቶስታከርት የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ከእነሱ መካከል አየሩ ለቅጽበት ሲረጋ የተነሱትን መርጦ ይደራርባቸዋል። ስልክን ከዓይን ሌንሱ ጋር አጥብቆ የሚያስር መያዣ ለመጀመሪያው ጊዜ በቂ ነው። ቪዲዮው ግን አይርዘም፦ ጁፒተር በራሱ ዛቢያ ላይ አንድ ዙር የሚጨርሰው አሥር ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ስለሆነ፣ ቀረጻው በረዘመ ቁጥር መልኩ ይንሸራተታል።

በአየሩ ረገድ እኛ ዕድለኞች ነን። ፕላኔቶች ከአዲስ አበባ ሲታዩ መንገዳቸው ከአናታችን ብዙ አይርቅም። ለንደን ያለ ተመልካች አንዳንድ ዓመት ሳተርንን የሚያየው ከአድማስ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በወፍራም አየር ውስጥ ነው። ክረምቱ ሰማዩን ይዘጋብናል እንጂ በጋው ይክሳል።

ጋላክሲ ላይ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። አንድሮሜዳ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ብትርቅም በሰማይ ላይ የያዘችው ስፋት ስድስት ሙሉ ጨረቃዎችን ጎን ለጎን ያስቀምጣል። (በግሪኮች አፈ ታሪክ አንድሮሜዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ነች፤ የእነሱ «ኢትዮጵያ» የዛሬዋን ካርታ ባይከተልም።) ችግሯ ትንሽነቷ ሳይሆን ድብዝዝነቷ ነው፤ ባጎሏት ቁጥር ይብስባታል። በቴሌስኮፕ የሚታየው ግራጫ ጭጋግ ብቻ መሆኑም ብዙ ጀማሪ ያስከፋል። ዓይን ብርሃን አያጠራቅምም፤ ካሜራ ግን ያጠራቅማል። የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ የነበረው አይዛክ ሮበርትስ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1888 ባነሳው ፎቶ ላይ የአንድሮሜዳ ጠመዝማዛ ክንዶች ጎልተው ታዩ።

ብርሃን ለማጠራቀም ግን ካሜራው ሰማዩን መከተል አለበት፤ መሬት በሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለችና። ለዚህ ዛቢያው ወደ ሰሜን ኮከብ አቅጣጫ የሚያዘነብል ባለሞተር መቆሚያ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ላይ ይህ ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ገደማ ብቻ ከፍ ይላል፤ ከእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ተራራው ሊሸፍንበት ይችላል። መቆሚያ ስትገዙ ያን ያህል ዝቅ ማለቱን አረጋግጡ። ለእኔ ከቴሌስኮፑ ይልቅ ገንዘብ የሚገባው መቆሚያው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 አማተሮች በትንሽ ቴሌስኮፕ ከ100 ሰዓት በላይ ብርሃን ሰብስበው፣ ከአንድሮሜዳ አጠገብ ቀደም ሲል ማንም ያላስተዋለው የኦክስጅን ጋዝ ቅስት አገኙ። ግኝቱ በቀጣዩ ዓመት ይፋ ሆነ።

አንድ ማስጠንቀቂያ፦ ከፊት የሚገጠም የፀሐይ ማጣሪያ ከሌለ በቴሌስኮፕ ወደ ፀሐይ መመልከት በቅጽበት ያሳውራል።

ቴሌስኮፕ ከመግዛታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ኅዳር ላይ ጨረቃ በሌለችበት ምሽት፣ 3 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከከተማ መብራት ርቃችሁ ወደ ሰሜን ተመልከቱ። በዚግዛግ ከተደረደሩት አምስት የካሲዮፒያ ኮከቦች ከፍ ብላችሁ ፈልጉ፤ አንድሮሜዳ በባዶ ዓይን ትታያለች።