አጥግቦ የሚያውል የአቮካዶና የቆስጣ ጁስ አዘገጃጀት

በቺሮ (በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ) እና በሌሎች የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ቁርስ ሳይበሉ ቢሮ ለሚገቡ ሠራተኞች በቤት ውስጥ የሚዘጋጅ የአቮካዶና የቆስጣ ጁስ አንድ አማራጭ ነው።

የሚያጠግበው በዋናነት አቮካዶው ሲሆን፣ 100 ግራሙ 160 ኪሎ ካሎሪ ያህል ኃይልና 7 ግራም ገደማ አሰር ይይዛል።

ጥንቃቄ የሚሻው ቆስጣው ነው። በተበከለ የወንዝ ውኃ የለማ ሊሆን ስለሚችል በጥሬው መፍጨት ለታይፎይድና ለአሜባ ያጋልጣል። በመሆኑም በንጹሕ ውኃ በሚገባ ታጥቦ በሚፈላ ውኃ ውስጥ ለሁለት ደቂቃ ያህል መቀቀል ይኖርበታል።

ከዚያም አንድ እፍኝ ቆስጣ፣ ግማሽ አቮካዶ፣ አንድ ሙዝና አንድ ብርጭቆ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በአንድነት ይፈጫሉ። ጥቂት ሎሚ መጨመር ጁሱ ቶሎ እንዳይጠቁር ያደርጋል። መብራት ቢጠፋ ቆስጣውን አድቅቆ ከትፎ፣ ሌላውን በሹካ ደፍጥጦ ማዋሐድ ይቻላል።

በጁስ ቤቶች የተለመደው ስኳር እዚህ አያስፈልግም። ሙዙም ስኳር ስላለው የስኳር ሕመም ያለበት ሰው መጠኑን ሊቀንስ ይገባል።