ብስክሌቱ መሬት ላይ ነው፤ እግረኛውስ?

ለንደን ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ላስረዳ። የኪራዩን ኤሌክትሪክ ብስክሌት በስልክ ከፍታችሁ፣ በደቂቃ እየከፈላችሁ ትነዳላችሁ፤ ስትጨርሱ ቆልፋችሁ መሄድ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ያለው የከተማው የኪራይ ብስክሌት ግን ብረት ማቆሚያው ላይ ካልተመለሰ ሒሳቡ መቁጠሩን አያቆምም። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የመጣው ላይም የተባለ ኩባንያ ይህን ማቆሚያ አስቀረው። ምቾቱም ጣጣውም የመጣው ከዚሁ ነው።

እኔም እጠቀምበታለሁ፤ ከሥራ አምሽቼ ስወጣ አውቶቡስ ከመጠበቅ ይገላግለኛል። ይጥፋ አልልም። ነገር ግን አንዱ ብስክሌት 35 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ጎማው ስለተቆለፈም ገፋ አድርገው አያልፉትም። መንገድ ዘግቶ ሲጋደም በዊልቸር የሚሄድ ሰው፣ መንታ ልጆቿን በጋሪ የምትገፋ እናት መኪና ወዳለበት አስፋልት ይወርዳሉ። ቆሞ ሲገኝም ለዓይነ ስውር አይመችም፤ ዘንጉ ከሥር ክፍተት አግኝቶ ሲያልፍ መሪው ሆዱን ይወጋዋል።

ሰው ሁሉ ነጂውን ይረግማል። ባለጌ ነጂ ሞልቷል፣ አልክድም። ለእኔ ዋናው ጉዳይ ግን ቦታው ነው። ለንደን ውስጥ መኪና እግረኛ መንገድ ላይ እንዳይቆም በ1974 የወጣ ሕግ ይከለክላል፤ በምትኩ የአስፋልቱ ዳር ተሰጥቶታል። ከዚያ ዳር የአንድ መኪና ቦታ ተቀንሶ ቀለም ቢቀባ ብዙ ብስክሌት ይይዛል። ከቀለሙ ውጭ ያቆመውንም ኩባንያው ሊቀጣው ይችላል። ሆኖም ማቆሚያ የተነጠቀ ባለመኪና የአካባቢው አስተዳደር (ካውንስሉ) በር ላይ ይጮኻል፤ እግረኛው ግን እያጉረመረመ ዞሮ ያልፋል። ስለዚህ የሚነካው የእግረኛው ቦታ ይሆናል።

በዚያ ላይ ለንደን 32 ባሮዎች (የአካባቢ አስተዳደሮች) እና ሲቲ ኦፍ ለንደን ነው፤ ሁሉም በየራሱ ይወስናል። ብሬንት የተባለው ባሮ በ2024 ላይምን «እስከ ኦክቶበር 31 አስተካክል፣ አለዚያ ብስክሌትህን ሰብስብ» አለው፤ በኋላ ተስማሙ። ሃውንስሎ ደግሞ በ2025 ላይምን አሰናብቶ ፎረስትና ቮይ የተባሉ ተፎካካሪዎቹን አስገባ። ከጎረቤቱ ሪችመንድ በላይም ብስክሌት የተነሣ ሰው የሃውንስሎን ወሰን ከተሻገረ ጉዞውን መዝጋት አይችልም። መንገዱ አንድ፣ ሕጉ ሁለት! ይሄ እንኳ ያስቃል።

የማቆሚያው ቦታ እስኪሰጥ ድረስ የምትነዱ ከመቆለፋችሁ በፊት የመንታ ጋሪ ያልፍ እንደሆነ እዩ። የወደቀ ካገኛችሁ ደግሞ ላዩ ላይ ያለውን ቁጥር ከነፎቶው ለኩባንያው ላኩ። ለካውንስሉም ጻፉለት፤ ቀለም የት እንደሚቀባ ሲወስን የባለመኪናውን ደብዳቤ ብቻ ይዞ እንዳይቀመጥ።