የመኪና ሽቦ መጋጠሚያ

የመኪና ሽቦ መጋጠሚያ ማለት በኋላ የተጨመረ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ለምሳሌ ራዲዮ፣ የጭጋግ መብራት ወይም የስርቆት ማንቂያ፣ ከመኪናው የኤሌክትሪክ መስመር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው። የአብዛኞቹ የቤት መኪኖች ባትሪ 12 ቮልት ብቻ ስለሆነ ሥራው ቀላልና አደጋ የሌለው ይመስላል። ይሁን እንጂ ቮልቴጁ ሲያንስ ለተመሳሳይ ኃይል የሚያስፈልገው ከረንት ይበዛል፤ መጥፎ መጋጠሚያን የሚያሞቀው ደግሞ ከረንቱ ነው።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል?

እያንዳንዳቸው 55 ዋት የሆኑ ሁለት የጭጋግ መብራቶች በ12 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይወስዳሉ። የላላ መጋጠሚያ 0.1 ኦም ሬዚስታንስ ቢኖረው፣ በኦም ሕግ መሠረት 0.9 ቮልት እዚያው ይቀራል፤ 8 ዋት ያህል ሙቀትም ይፈጠራል። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆንም ሙቀቱ የሚከማቸው ከጥፍር በማይበልጥ ቦታ ላይ ነው። ሙቀቱ መዳቡን ኦክሳይድ ያደርገዋል፣ ኦክሳይዱ ሬዚስታንሱን ይጨምራል፣ ሬዚስታንሱም መልሶ ሙቀቱን ያባብሳል። እንዲህ እያለ የሽቦው ፕላስቲክ ይቀልጣል፤ አንዳንዴም እሳት ይነሳል።

ፊውዝ ከዚህ አያድንም። ፊውዝ የሚቃጠለው ከልኩ በላይ ከረንት ሲያልፍበት ነው፤ መጥፎ መጋጠሚያ ግን ከረንቱን እንዲያውም ይቀንሰዋል። ስለዚህ ፊውዙ ደህና እንደሆነ መጋጠሚያው ሊነድ ይችላል። የፊውዝ ሥራ ሽቦውን ከሾርት መጠበቅ ነው፤ ለዚህም በተቻለ መጠን ወደ ባትሪው ፖዘቲቭ ተጠግቶ መቀመጥ አለበት። ከዕቃው አጠገብ የገባ ፊውዝ ከባትሪው እስከ እሱ ያለውን ሽቦ አይጠብቅም።

የመቀጠያ ዘዴዎች

ሁለት ሽቦ ጠምዝዞ በፕላስተር መጠቅለል በጣም የተለመደው፣ በጣም ደካማውም ዘዴ ነው። የሞተር ሙቀት የፕላስተሩን ማጣበቂያ ያላላዋል፣ ንዝረቱ ጥምዝዙን ይፈታዋል፣ እርጥበትም ይገባል።

በሊድ መበየድ ጥሩ ግንኙነት ይሰጣል፤ ነገር ግን የቀለጠው ሊድ በቀጫጭን የሽቦ ክሮች መካከል ሠርጎ ሽቦውን ያደርቀዋል። ሽቦው በንዝረት የሚሰበረው ደረቁ ክፍል ከለስላሳው በሚገናኝበት ቦታ ስለሆነ፣ ብየዳው እንዳይንቀሳቀስ በደንብ መታሰር አለበት። ሽቦዎቹን ከመበየድ በፊት ለመጠምዘዝ የታወቀው አሠራር ዌስተርን ዩኒየን ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ዛሬ በሐዋላ ከሚታወቀው፣ ያኔ ግን የቴሌግራፍ ድርጅት ከነበረው ኩባንያ ነው።

በመኪና ፋብሪካዎች በብዛት የሚሠራበት ሽቦውን በብረት ቱቦ ውስጥ አስገብቶ መጭመቅ ነው። በትክክል ሲጨመቅ ክሮቹና ብረቱ እርስ በርስ ተጣብቀው አየር እንኳ አይገባባቸውም። ለዚህ የተሠራ መጭመቂያ ያስፈልጋል፤ በተራ ፒንሳ የተጨፈለቀ መጋጠሚያ ከላይ ጥሩ መስሎ ሲሳብ ይወጣል። ልኩም ከሽቦው ጋር መስማማት አለበት፦ ቀይ ሽፋን ያለው ለ0.5–1.5፣ ሰማያዊው ለ1.5–2.5፣ ቢጫው ለ4–6 ካሬ ሚሊሜትር ሽቦ ነው። ሲሞቅ የሚሸበሸብ ባለ ማጣበቂያ ቱቦ ከተጨመረበት ውኃም አይገባውም።

ማሳ

ከዕቃው ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው ከረንት በአብዛኛው የሚያልፈው በመኪናው አካል በኩል ነው። ብዙ ብልሽት የሚደበቀውም እዚህ ነው፤ ሰው ፖዘቲቩን ተጠንቅቆ ቀጥሎ ማሳውን ቀለም በተቀባ ብሎን ሥር ያስረዋል። ቀለም ኤሌክትሪክ ስለማያስተላልፍ ብረቱ እስኪታይ መፋቅ፣ ከታሰረ በኋላም ከዝገት በሚከላከል ቅባት መሸፈን ይገባዋል።

ፍተሻ

በቴስተር ኦም መለካት ያታልላል፤ ከክሮቹ አንድ ብቻ ቢቀር እንኳ ንባቡ ደህና ይመስላል። የተሻለው ዕቃውን አብርቶ በመጋጠሚያው ሁለት ጫፎች መካከል ያለውን ቮልት መለካት ነው። ጥሩ መጋጠሚያ ወደ ዜሮ የቀረበ ንባብ ይሰጣል።

ሥራው ሲጀመር የባትሪው ኔጌቲቭ ቀድሞ ይፈታል፣ ሲያልቅ መጨረሻ ይታሰራል። ፖዘቲቩ ቀድሞ ቢፈታ ቁልፉ የመኪናውን አካል ነክቶ ሾርት ሊፈጥር ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ በቢጫ ቀለም የሚለየው የኤርባግ መስመር ግን ፈጽሞ አይቀጠልበትም።