ዕንቁላል የማይስማማው ሰውና የኢንፍሉዌንዛ ክትባት

በዐውደ ዓመት ማዕድ ላይ ከዶሮ ወጥ ጋራ ዕንቁላል ሲቀርብለት እጁን የሚሰበስብ ሰው ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ዕንቁላል በቀመሱ ጊዜ ሰውነታቸው የሚቆጣ፥ ሽፍታ የሚወጣባቸው፥ ከንፈራቸው የሚያብጥ፥ ሲብስም ትንፋሻቸው የሚታፈን ሰዎች አሉ። ሐኪሞች ይህን አለርጂ ይሉታል። እነዚህ ሰዎች ከዕንቁላል መራቃቸው የሚመሰገን ጥንቃቄ ነው። ዛሬ ልንነጋገርበት የወደድነው ግን ከማዕዱ አልፈው ከኢንፍሉዌንዛ ክትባትም ስለሚሸሹት ነው።

ለመሆኑ ዕንቁላልን ከክትባት ጋራ ምን አገናኘው? የሰው የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር ነው። ቫይረስ ሕያው በሆነ ነገር ውስጥ ካልሆነ አይራባም፤ ስለዚህ ጠበብት ጫጩት በያዘ ዕንቁላል ውስጥ ማራባትን ዘዴ አደረጉት። ቫይረሱ በመርፌ ወደ ዕንቁላሉ ይገባል፤ ዕንቁላሉም ለጥቂት ቀናት በሙቀት ይቀመጣል፤ ከዚያም ቫይረስ የሞላበት ፈሳሽ ይቀዳል። ለመርፌው ክትባት ቫይረሱ ይገደላል፥ ይጣራልም። ዛሬም አብዛኛው ክትባት የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ምንም ያህል ቢጣራ ግን የዕንቁላል ርዝራዥ ይቀራል። መጠኑም ለአንድ ሰው በሚሰጠው ክትባት ውስጥ የአንድ ግራም ሚሊዮንኛ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው።

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንዲሉ፥ በዚህ ርዝራዥ ምክንያት ለብዙ ዓመታት ክትባቱ ሲከለከል ወይም በብዙ ጥንቃቄ ሲሰጥ ኖረ። በኋላ ግን ፍርሃቱ በምርመራ ተፈተነ። በብሪታንያ የዕንቁላል አለርጂ ያለባቸው 779 ልጆችና ወጣቶች በአፍንጫ የሚነፋውን ክትባት ወሰዱ። ከሦስቱ አንዱ ያህል ቀድሞ በዕንቁላል ምክንያት ብርቱ አደጋ ደርሶበት የነበረ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመው ውጤት ግን መላ ሰውነትን የሚያውክ አለርጂ ያገኘው አንድም አልነበረም።

በአሜሪካም የክትባት አማካሪ ኮሚቴው እ.ኤ.አ. ከ2023 እስከ 2024 ለነበረው ወቅት ባወጣው ምክር፥ ዕንቁላል የማይስማማው ሰው ለዕድሜውና ለጤናው የሚገባውን ማንኛውንም የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሊወስድ እንደሚችል፥ ለሌላው ሰው ከሚደረገው የተለየ ጥንቃቄም እንደማያስፈልገው አስታውቋል። ክትባት የሚሰጥበት ስፍራ ሁሉ ድንገተኛ አለርጂን የሚያክም መድኃኒትና ባለሙያ ሊኖረው ይገባል፤ ይህም ለሁሉም ሰው የሚሠራ ደንብ ነው።

ይህን ሰምቶም ልቡ ያልረጋ ሰው ዕንቁላል ያልነካቸውን ክትባቶች መጠየቅ ይችላል። አንደኛው ዓይነት በእንስሳ ሕዋስ ውስጥ የሚራባ ሲሆን በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ሁለተኛው ቫይረሱን ጨርሶ ሳያራቡ ከላዩ ያለውን ፕሮቲን ብቻ በነፍሳት ሕዋስ ውስጥ በመሥራት ይገኛል፤ የተፈቀደውም በ2013 ነው። በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን መስከረም ሲጠባ የክትባቱ ወቅት ስለሚገባ፥ ከፋርማሲ ወይም ከሐኪማቸው ዘንድ ሊጠይቁ ይችላሉ።

ሁለት ነገር ግን እንዳይዘነጋ እናሳስባለን። ቀድሞ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ራሱ ብርቱ አለርጂ ያስነሣበት ሰው ሐኪም ሳያማክር ደግሞ አይከተብ። እንዲሁም ከላይ ያልነው ለቢጫ ወባ ክትባት አይሠራም። እርሱም በዕንቁላል የሚሠራ ነውና፥ ለመንገድ ሲባል እንዲከተብ የሚጠየቅ የዕንቁላል አለርጂ ያለበት ሰው አስቀድሞ ለሐኪሙ መናገር አለበት።

ኢንፍሉዌንዛን ከተራ ጉንፋን ጋራ የሚያስተካክል ሰው በኅዳር 1911 ዓ.ም. በአገራችን የደረሰውን እልቂት ያስታውስ፤ አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት ይህንኑ ነው። ዛሬም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው ይህ በሽታ በየዓመቱ ከ290,000 እስከ 650,000 የሚደርሱ ሰዎችን ይገድላል። በተለይ ለአረጋውያን፥ ለሕፃናት፥ ለነፍሰ ጡሮችና አስም ላለባቸው ብርቱ ጠላት ነው፤ ዕንቁላል ከማይስማማቸው ልጆች መካከል ደግሞ አስም ያለባቸው ብዙዎች ናቸው። እንግዲህ ከክትባቱ የሸሸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ክትባቱ አጥብቆ የሚያስፈልገው እርሱ ነው። ስለዚህ ዕንቁላሉን ይተው፤ ክትባቱን ግን አይተው እንላለን።