ስለ ኮራል የሚወራውና የሚለካው

በእስራኤል ከካርሜ ጋት ለዕረፍት ወደ ቀይ ባሕር ዳርቻዋ ኤላት የሚወርድ ቤተሰብ ኮራል ሳያይ የሚመለሰው ጥቂት ነው። ስለ ኮራሉ ብዙ ይወራል፤ «ኒውክሌር» የሚል ቃል ሲጨመርበት ደግሞ ወሬው ይብሳል።

«ኮራል ድንጋይ ነው።» ኮራል እንስሳ ነው። ድንጋይ የሚመስለው ከባሕሩ ካልሲየም እየወሰደ የሚገነባው አጽሙ ነው። ሰው በእጁ የሚይዘው የሞተውን ነጭ ቁራሽ ስለሆነ ስሕተቱ አይገርምም።

«ውስጡ ስትሮንቲየምና ዩራኒየም ከተገኘ ባሕሩ ተመርዟል።» ከሁሉም ሥር የሰደደው ይህ ነው። ስትሮንቲየም ሲባል ብዙዎች የሚያስቡት በቦምብ ሙከራ የተበተነውን ስትሮንቲየም 90 ነው። በአጽሙ ውስጥ ያለው ግን ከሞላ ጎደል ጨረር የሌለው የተፈጥሮ ስትሮንቲየም ነው። በ1 ሊትር የባሕር ውሃ 8 ሚሊግራም ገደማ ይገኛል፤ በ1 ኪሎ አጽም ደግሞ ከ7 እስከ 8 ግራም ይደርሳል። ዩራኒየሙም ከዚያው ውሃ የሚገባ ሲሆን በኪሎ ከ2 እስከ 3 ሚሊግራም ቢሆን ነው። ውሃው ሲሞቅ ከካልሲየሙ አንጻር ወደ አጽሙ የሚገባው ስትሮንቲየም ይቀንሳል፤ ሲቀዘቅዝ ይጨምራል። ስለዚህ መጠኑ የሚነግረን የዱሮውን ባሕር ሙቀት ነው። ብክለት የሚፈልግ እንደ እርሳስ ያሉትን ይለካ።

«በኒውክሌር ዘዴ የተመረመረ ቁራሽ ለዘለዓለም ጨረር ይረጫል» የሚሉም አሉ። ሥራውን ቀረብ ብሎ ማየት ይበጃል። ባለሙያው የጥርስ ሐኪም በሚጠቀምበት ዓይነት ቀጭን መሰርሰሪያ በየሚሊሜትሩ ነጭ ዱቄት ያወጣል። ዱቄቱ በትንሽ የፕላስቲክ ብልቃጥ ታሽጎ ሪአክተር ውስጥ በኒውትሮን ይመታል። ኒውትሮን የዋጡት አቶሞች ጋማ ጨረር ይለቃሉ። የእያንዳንዱ ንጥረ ነገር ጨረር የራሱ ጉልበት ስላለው የጀርማኒየም መቁጠሪያው ምን እንደሆነና ምን ያህል እንደሆነ ይለያል። በዚህ መንገድ የተፈጠረው ካልሲየም 49 በ9 ደቂቃ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስትሮንቲየም 85 ግን 65 ቀን ያህል ስለሚፈልግ የናሙናው ጨረር እስኪቀንስ ተጠብቆ ይቀመጣል። በሌላው ዘዴ፣ በኤክስሬይ ፍሎረሰንስ የተለካው ደግሞ ጭራሽ ራዲዮአክቲቭ አይሆንም። ጨረር የነካውንና ጨረር የሚያመነጨውን አንድ አድርጎ ማየት ነው ስሕተቱን ያቆየው።

«በኮራል አጽም ውስጥ የሚታዩት መስመሮች ዓመት ይቆጥራሉ ማለት ግምት ነው።» በ1972 የታተመ ጥናት ጉዳዩን ዘግቶታል። አሜሪካ ቦምብ በሞከረችበት በኢኒወታክ ደሴት፣ የፍንዳታዎቹ ቅሪት በኮራሎቹ ውስጥ ተቀምጦ ተገኘ። የሙከራዎቹ ዓመት ስለሚታወቅ፣ በኤክስሬይ ፎቶ የሚታየው አንድ የጥቅጥቅና የሳሳ መስመር ጥንድ አንድ ዓመት መሆኑ ተረጋገጠ።

«ኢትዮጵያ ባሕር የላትም፤ የአፋሩ ኮራል በጎርፍ ተጠርጎ የመጣ ነው።» ዛሬ ጨውና አሸዋ የሚታይበት የደናክል ቆላ በአንድ ወቅት የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። በዳርቻው የቆሙት ኮራሎች እዚያው ተወልደው እዚያው ያደጉ ናቸው። የእንዲህ ያለ ኮራል ዕድሜም ይለካል፦ ሕያው ኮራል ዩራኒየም ይወስዳል፣ ቶሪየም ግን ከሞላ ጎደል አይወስድም። ዩራኒየሙ እየፈረሰ ሲሄድ ቶሪየም 230 ይጠራቀማል፤ ዕድሜውም ከሁለቱ መጠን ይሰላል። በኤርትራ የዙላ ባሕረ ሰላጤ ዳር የሚገኘው የአብዱር የኮራል ክምር በዚሁ ዘዴ ሲለካ 125,000 ዓመት ገደማ ሆኖ ተገኝቷል፤ በውስጡም ሰዎች የጠረቧቸው የድንጋይ መሣሪያዎች አሉ።