ከወገቡ የሚታወቀው ጉንዳን

ባሕር ዳር ዙሪያ ባሉት የቤተ ክርስቲያን ደኖች ውስጥ ትንንሽ፣ የሚያብለጨልጩ ጥቁር ጉንዳኖች ከዛፍ ዛፍ ሲተራመሱ ይታያሉ። ላላፊ አግዳሚው ጥቁር ጉንዳን ናቸው፤ በቃ። አጥኚው ግን በቀለምና በመጠን አይረካም። በዓለም ላይ ስም የወጣላቸው የጉንዳን ዝርያዎች ከ14 ሺሕ በላይ ስለሆኑ ጥቁርና ትንሽ ሞልቷል።

መጀመሪያ የሚታየው ወገብ ነው። ደረቱንና ሆዱን በሚያያይዘው ቅጥነት ላይ ያለው ጉብታ አንድ ነው ወይስ ሁለት? የዚህ ጉንዳን አንድ ነው። ከሆዱ ጫፍ መንደፊያ የለውም፤ በምትኩ አሲድ የሚረጭባት ክብ ቀዳዳ አለችው። ቀጥሎ አንቴናው በማይክሮስኮፕ ሥር ይቆጠራል፤ አሲድ ረጪዎቹ አብዛኞቹ ባለ 12 አንጓ ሲሆኑ እሱ 11 ብቻ አለው። ከወገቡ ጉብታ አናት ላይ ደግሞ ሁለት ሹል ጥርሶች ቆመዋል። ይህ ሁሉ ሲገጣጠም ሌፒሲዮታ ከተባለው ወገን መሆኑ ይለያል። የዝርያው ሙሉ ስም ሌፒሲዮታ ካኔሴንስ ነው።

ስሙ ቢታወቅም ጠባዩ ገና ነበር። ጉንዳን ባዳን በጠረኑ ይለያል፤ ከሌላ ጎጆ የመጣ ከሆነ ይጣላዋል። ተመራማሪዋ ማግዳሌና ሶርገር ከአለማየሁ ዋሴና ከሌሎች ባልደረቦቿ ጋር ሆና እ.ኤ.አ. በ2017 ኢንሴክት ሶሲዮ በተባለው መጽሔት ላይ ያወጣችው ጥናት እንዳሳየው ግን የዚህ ዝርያ ጎጆዎች ተዋህደው አንድ ግዙፍ መንደር ይመሠርታሉ። ትልቁ 38 ኪሎ ሜትር ተዘርግቶ ተገኝቷል። የሚገርመው፣ የመንደሩ ነዋሪዎች በዘረ መል የተለያዩ ናቸው፤ ሰላማቸው ከሥጋ ዝምድና የመጣ አይመስልም።

ጉንዳኑ በደን ብቻ አይወሰንም። መንገድ ዳርም ሕንፃ ሥርም ይኖራል፤ ይህም በዕቃ ተጭኖ ወደ ሌላ አገር ሊሻገር ይችላል የሚል ሥጋት አሳድሯል። ሥጋቱ ባዶ አይደለም፦ የዚሁ ወገን አባል የሆነ ሌላ ጉንዳን በአውስትራሊያ የዳርዊንን ወደብ ለቀናት አዘግቷል።

እንግዳ ጉንዳን ያጋጠመው ሰው ፎቶግራፍ ብቻ አንስቶ አይለፍ። ከአንድ ጎጆ የተለያየ መጠን ያላቸውን ጥቂት ጉንዳኖች ይያዝ፤ ከፋርማሲ በተገዛ አልኮል ውስጥ ይክተት፤ አረቄ ለዚህ ደካማ ነው። ቦታውንና ቀኑን በእርሳስ ጽፎ ጠርሙሱ ውስጥ ይጨምር፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል። ከዚያ አቅራቢያው ላለ ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ክፍል ያድርስ።